ምስሯና ሳህኑ

ሰብስቤ ጣቱን ደጋግሞ ቢያሻሽም የላፕቶፑ ቀስት ንቅንቅ አላለችም። ሕዝቡ ሁለተኛውን ስንኝ ጀምሯል፤ ግድግዳው ላይ የሚነበበው ግን ገና የመጀመሪያው ነው። ከመድረኩ ላይ ኤልናታን ማይኩን በአንድ እጁ እንደያዘ ሌላውን ከወገቡ ዝቅ አድርጎ «ቶሎ፣ ቶሎ» የሚል ምልክት ይሰጠዋል። በመድረኩና በሕዝቡ መካከል የእማማ አበበች የሬሳ ሣጥን ተቀምጧል፤ ሣጥኑ ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ ፈገግ ያሉበት ፎቶግራፍ።

ሰብስቤ የሚሠራው ከአዳራሹ ኋላ፣ ከምሰሶው ሥር ነው። ላፕቶፑ የተጫነው ድሮ ሰባኪዎች መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያሳርፉበት በነበረ ፊቱ ዘመም ባለ አሮጌ አትሮንስ ላይ ነው። ማውስ ቢያስቀምጡበት ተንሸራቶ እግር ሥር ይወድቃል፤ ሞክረውታል። ስለዚህ ያለው አማራጭ ሳህኑ ብቻ ነው። «ሳህን» ብሎ የሰየመው እሱ ራሱ ነው፤ ከቁልፎቹ በታች የተዘረጋችውን፣ ጣት ሲሄድባት ቀስቷን የምታስኬደውን ለስላሳ ሰሌዳ።

ቀስቷ ደግሞ መሄድ አለባት። ኤልናታን መዝሙር የሚመራው በልቡ እንጂ በወረቀት አይደለም። አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ከሌላው ተመልሶ የፊተኛውን አዝማች ያስደግማል። ግጥሙን ግድግዳ ላይ የሚያወጣው ሰው እግር በእግር ተከትሎት፣ ከረጅሙ የመዝሙር ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ መጫን ይኖርበታል።

የቸገረው ምን አያደርግም! ሰብስቤ ጣቱን ወደ አፉ ወስዶ ላስ አደረገና መልሶ ሳህኑ ላይ አሳረፈው።

ሳህኑ አበደ። ቀስቷ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ተወረወረች፣ ዝርዝሩን ዘለለች፣ የማይሆን ቦታ ላይ ወድቃ ራሷን በራሷ ተጫነች። ግድግዳው በጽጌረዳ አበባ ተሞላ። ከአበባው መሐል ሁለት የወርቅ ቀለበቶች ተጠላልፈው ብቅ አሉ፤ ከቀለበቶቹ በላይ ደግሞ በትልልቁ፣ «ሙሽራው መጣ እልል በሉ፣ የደስታችን ቀን ደረሰ!»

ከመዘምራኑ አንዷ ከልማዷ የተነሳ «ሙሽራው» ብላ ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘች። ከኋላ ወንበሮች ሳል የመሰለ ሳቅ ተሰማ። የሟች ልጅ ግሩም ከፊት ረድፍ ዞሮ ግድግዳውን ሳይሆን ሰብስቤን አየው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ግሩም ወደሚያይበት ዞረ።

ያኔ የሰብስቤ ልጅ ርሆቦት ከካሜራው ጀርባ ሮጣ መጣች። በአባቷ ትከሻ ላይ እጇን አሳልፋ በአንድ ጣት ሳህኑን ዳበስ አደረገችው። አበባው ጠፋ፣ ትክክለኛው ስንኝ ወጣ። ከሰርጉ መዝሙር ይልቅ ሰብስቤን የሰበረው ይሄ ነበር። እሱ ላቡ እስኪወርድ የታገለውን ልጅቷ ምንም እንዳልሆነ ነገር ፈጸመችው።

ከቀብር መልስ አውቶቡስ ውስጥ ኤልናታን መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ኤልናታን የአምልኮ መሪ ነው፤ ወጣት ነው፣ መልካም ልጅ ነው፣ ችግሩ መልካም ነገር ሲናገር አለማቋረጡ ነው።

«ጋሽ ሰብስቤ፣ ጌታ ይባርክዎት። እንዴት ሆኑ?»

«ደህና ነኝ።»

«የዛሬው እንግዲህ አልፏል። ማንም አላዘነብዎትም።»

«ግሩም አዝኗል።»

«እሱማ እናቱ ሞታበታለች እኮ» አለ ኤልናታን፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «እኔ የማስበው ምን መሰለዎት? ስንት ዓመት አገለገሉ! ከመላው አጥቢያ ቀድመው ገብተው፣ ከሁሉም ኋላ ወጥተው። አሁን ትንሽ ቢያርፉስ? ከነገ እሑድ ጀምሮ ርሆቦት ትቀመጥ። ከቤትዎ አልወጣም እኮ! ለምስጋና ፕሮግራም እናዘጋጃለን፤ ኬክም እናስቆርስዎታለን።»

እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ይሄ ነው። ሰብስቤ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ሰው ቀብሮ ሲመለሱ «ይረፉ» መባል ራሱ ደስ አይልም። ሊናገረው የሚችል ብዙ ነገር ነበረው፤ ሁሉንም ከሆዱ ለማውጣት ግን አቅም አጣ።

«እሺ» አለ።

«ተባረኩ!» አለ ኤልናታን፣ ትከሻውን ጨበጥ አድርጎ ተነሳ።

እውነቱን ለመናገር ሰብስቤ ከገና ወዲህ ራሱን ሲታዘብ ቆይቷል። አዲሱ ላፕቶፕ የመጣው ያኔ ነው፤ አንድ የአጥቢያው ልጅ በስጦታ ያመጣው፣ ስስ፣ ሲከፍቱት የሚያበራ። ከዚያ በፊት የነበረው ጥቁርና ወፍራም አሮጌ ዕቃ ነው። በቁልፎቹ መሐል የምስር ክክ የምታህል ቀይ ላስቲክ ነበረችው። ጣት እላይዋ ላይ ያርፍና ወደሚፈለገው ይገፋታል፤ ምስሯ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ቀስቷ ወደዚያው ትሄዳለች። ሰብስቤ ከምስሯ ጋር ተስማምቶ ዓመታት ኖሯል። ኤልናታን ትንፋሽ ሲስብ ብቻ አይቶ የሚቀጥለው መዝሙር የቱ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ነገር ግን የአሮጌው ባትሪ ሞተ። መብራት ሄዶ ጀነሬተር እስኪነሳ ድረስ ይጠፋል፤ ተመልሶ እስኪነቃ አንድ ሙሉ መዝሙር ያልፋል። ስለዚህ ዕቃ ቤት ተወረወረ።

አዲሱ ከመጣ ጀምሮ እጁ አልታዘዝ አለው።  በሌሊት ተነስቶ «አእምሮዬ እየሄደ ይሆን?» ብሎ ያሰበበት ቀን አለ። አጎቱ እንዲያ ነበር የጀመራቸው፤ መጀመሪያ ቁልፍ መክፈት ጠፋቸው፣ ቀጥሎ የቤታቸው መንገድ። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ከቤት ሲደርስ ልብሱን ቀይሮ ወደ ብሎኬት ማምረቻው ሄደ። ማምረቻው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ፣ አዳዲስ ፎቆች ከሚነሱበት ሜዳ ዳር ነው። አባቱ ከከምባታ መጥተው የጀመሩትን የአሸዋ ንግድ እሱ ነው ወደ ብሎኬት ያሻገረው። ሐዘን ቢኖርም ባይኖርም ትናንት የወጣ ብሎኬት ዛሬ ውሃ መጠጣት አለበት፤ ያለበለዚያ ይሰነጠቃል። የውሃ ጎማውን ይዞ አንድ ረድፍ አጠጥቶ ሳይጨርስ ርሆቦት ከነቦርሳዋ መጣች።

«አባዬ፣ እሺ አልከው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ኤልናታን ቴክስት ላከልኝ። ‹ከነገ ጀምሮ አንቺ ነሽ› ይላል። እኔን ሳይጠይቁ!»

«ደክሞኝ ነበር።»

«ደክሞህ ስለነበር ስንት ዓመት የሠራኸውን ሥራ ሰጠኸው?»

ሰብስቤ ሌላው ረድፍ ላይ ውሃውን ለቀቀ። ርሆቦት ቦርሳዋን ከፍታ የቤተ ክርስቲያኑን ላፕቶፕ አወጣችና በደረቁት ብሎኬቶች ላይ አስቀመጠችው።

«ና አሳየኝ።»

«ልትፈትኚኝ ነው?»

«አዎ።»

ጎማውን መሬት ላይ ጥሎ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ መጣ። ጣቱን ሳህኑ ላይ አሳርፎ ወደ ቀኝ ወሰደ። ምንም የለም። ወደ ግራ መለሰው፤ ቀስቷ ጥቂት ተንቀጠቀጠችና ቆመች። ርሆቦት ፊቷን አኮሳተረች። የጣቱ አነዳድ ትክክል ነው፤ እሷ ከምታደርገው የሚለይ ነገር የለውም። የአባቷን ጣት በእጇ ይዛ፣ ሕፃን ልጅ እርሳስ እንደሚያስይዙት አድርጋ ራሷ ነዳችው። አሁንም ምንም የለም። የራሷን ጣት ስታስቀምጥ ቀስቷ ፈሰሰች።

እጁን ገልብጣ አየችው። የሰብስቤ ጣቶች ጫፍ ብዙ ሰው እንደረገጠው ደረጃ ልሙጥ ነው፤ መስመር የሚባል አልቀረበትም። ቆዳው ወፍሮ፣ ደርቆ፣ ዳር ዳሩ ተሰነጣጥቋል። ሲሚንቶ የነካውን ይበላል፤ ሰብስቤን ሲበላው ደግሞ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

«መታወቂያ ስትመዘገብ ምን ነበር ያሉህ?»

«አሻራ የለዎትም አሉኝ። መሣሪያው አላነሳ ብሎ፣ በዓይኔ ተመዝግቤ ሄድኩ።»

«ታዲያ!»

«ታዲያ ምን?»

«አባዬ፣ ይሄም አያውቅህም እኮ! ጣትህ መኖሩን አያውቅም!»

ሰብስቤ «እፎይ» ማለት ነበረበት። አላለም። አእምሮው ጤነኛ መሆኑን በአንድ ጊዜ አወቀ፤ ደስታው ግን ዘገየበት፤ ቀድሞት የመጣው ንዴት ነው። ስንት እሑድ ሙሉ ራሱን ሲሰድብ ከርሟል! በኤልናታን ላይ ተናደደ፣ በሳህኑ ላይ ተናደደ፣ ይበልጥ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ «እሺ» ባለው አፉ ላይ ተናደደ።

«18 ማዞሪያ አንድ የማውቀው ላፕቶፕ ጠጋኝ አለ» አለች ርሆቦት። «እርግጠኛ እንሁን፤ እንሂድ።»

«ብሎኬቱስ?»

«አጠጥተን እንሄዳለን» ብላ ጎማውን አነሳች።

የጠጋኙ ስም ዳዊ ነው። ሱቁ ሚኒባሶቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት፣ በአንድ ጫማ ሻጭና በአንድ ጠጅ ቤት መሐል የተሰካ ነው። የረዳቶቹ ጩኸት ሲገባ ዳዊ ወሬውን ያቆማል፣ ሲወጣ ይቀጥላል፤ ለምዶታል። ርሆቦት ነገሩን ስታስረዳው ሳቅ አለና የሰብስቤን እጅ ተቀብሎ በመብራት አየው።

«ሲሚንቶ ነው?»

«ሲሚንቶ ነው።»

«ሊስትሮዎችና ቆዳ ፋቂዎችም እንዲሁ ናቸው» አለ። «ይሄውልዎት ጋሼ፣ ይሄ ታችፓድ የሚሠራው ሰውነታችን ውስጥ ባለች ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ነው። ቆዳ ሲደርቅና ሲወፍር አይሰማትም። ውሃ ሲነካው ደግሞ ጣቱ የት እንዳለ ይጠፋበትና ያብዳል።»

«አብዷል። በቀብር ላይ ሰርግ ደገሰ።»

ዳዊ የሚስቅ መስሎት ቀና ብሎ ሲያየው ሰብስቤ አልሳቀም። ጠጋኙ ከመደርደሪያው ላይ ወፍራም ላፕቶፕ አወረደ። ከፊቱ በአውራ ጣት የምትንከባለል ኳስ ተገጥማለታለች።

«ይሄ አያታቸው ነው፤ ለትዝታ ነው ያስቀመጥኩት። ኳሷን ማንም ጣት ያንከባልላታል፤ ጠላቷ አቧራ ነው። የእርስዎ ሥራ ቦታ ሦስት ቀንም አትቆይም። ቀጥሎ ይሄ አለ» ብሎ ሌላ ጥቁር ከፈተ።

ሰብስቤ ወደ ፊት ተጠጋ። «ምስሯ!»

«ምን አሏት?»

«እኛ ምስር ነው የምንላት። ለአሮጌውም ነበረችው።»

«እዚህ ሰፈር ቀይዋ ነው የምትባለው። ምስር ይሻላታል» አለ ዳዊ። «ይቺ የምትፈልገው ግፊት ብቻ ነው። በጓንት ይግፏት፣ በእርሳስ ጫፍ ይግፏት፣ ትሄዳለች። ማን እንደገፋት አትጠይቅም። እስቲ።»

ሰብስቤ ጣቱን አሳረፈ። ቀስቷ ተነሳች፤ ወደ ላይ፣ ወደ ጥግ፣ ዞራ ወደ መሐል። ዝም ብሎ ያስኬዳት ጀመር፤ የሚጫነው ነገር ሳይኖረው። ርሆቦት አባቷን አይታ ፊቷን ወደ ሚኒባሶቹ አዞረች፤ እንባዋ መጥቶባት ነበር።

«እጅዎን ለጥቂት ወር ከሲሚንቶ ቢያሳርፉት ቆዳው ይመለሳል» አለ ዳዊ። «ማታ ማታ ቫዝሊን ተቀብተው...»

«ከሲሚንቶ ላሳርፈውና ምን ልብላ?»

«እሱን ላፕቶፕ ጠጋኝ አይመልሰውም፣ ጋሼ።»

ከሱቁ ሲወጡ ርሆቦት ስልኳን አወጣች። «ለኤልናታን ልደውልለት? ጥፋቱ የማሽኑ ነው ብዬ ልንገረው?»

«ተይው። ወደ ቤት እንሂድ፤ ዛሬ ደክሞኛል።»

«ለቅሶ ቤትስ?»

እዚህ ላይ ቆመ። ቀኑን ሙሉ ሲሸሸው የነበረው ነገር ይሄው ነው። ቀብር የመጣ ሰው ማታ ድንኳን ገብቶ ካልተቀመጠ እንደመጣ አይቆጠርለትም። በዚያ ላይ እሱ ዛሬ ከሁሉም የበለጠ ባለዕዳ ነው፤ ቢቀር «አሳፍሯቸው ሸሸ» ይባላል፣ ቢሄድ ደግሞ የግሩምን ዓይን ማየት አለበት። ረዳቱ «ቀራንዮ፣ ቀራንዮ፣ አንድ ሰው!» እያለ ሲጮህ ሰማው። አልተሳፈረም። ወደ እማማ አበበች ሰፈር በእግሩ አቀና፤ ርሆቦት ተከተለችው።

የእድሩ ድንኳን የመንገዱን ግማሽ ይዞ ተተክሏል። ሰዎች በአግዳሚ ላይ ተደርድረው ቆሎ እየቆረጠሙ ሻይ ይጠጣሉ። ሰብስቤ ከመግቢያው አጠገብ ጥግ ያዘ፤ ጥቂት ተቀምጦ ሹልክ ሊል ነው። ግሩም ግን አየው። ከሐዘንተኞቹ ወንበር ተነስቶ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንዳጣፋ፣ መጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ።

ርሆቦት ቸኮለች። «ግሩም፣ የጠዋቱ እኮ የማሽኑ...»

ሰብስቤ ጉልበቷን ነካ አደረጋት። ድንኳን ውስጥ ስለማሽን አይወራም። «ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ» አለ። «በእናትህ ቀን አዋረድኳችሁ።»

ግሩም ቆሎ ዘግኖ ሳይበላው ቆየ።

«አልዋሽዎትም፣ ተናድጄ ነበር» አለ። «እማዬ ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ማንም አያውቅም፤ ታፍር ነበር። መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ትመጣለች፣ ገልጣ ትቀመጣለች፣ አታነበውም። መዝሙሩን ግን በቃሏ ታውቀዋለች። እርስዎ ግጥሙን ግድግዳ ላይ ማውጣት ሲጀምሩ እየዘመረች የትኛው ቃል የትኛው እንደሆነ ማዛመድ ያዘች። በየእሑዱ አንድ ሁለት ቃል እያለች ማንበብ ቻለች። መጀመሪያ የለየችው ‹ምሕረት› የሚለውን ነው። ኋላማ የታክሲ ታፔላ ስታነብ ማን ያስቁማት!» ትንሽ ሳቀ፤ ሳቁ አልዘለቀም። «ለዚህ ነው የተናደድኩት። አስተማሪዋ በቀብሯ ቀን ሰርግ ጻፈባት ብዬ።»

 እማማ አበበች ሁልጊዜ ከፊት ነበር የሚቀመጡት። አንዳንዴ ስንኙ ሲዘገይ ወይም ቶሎ ሲያልፍ ከነመላ ሰውነታቸው ወደ ኋላ ዞረው ሰብስቤን ያዩታል። እሱ የሚቆጡት እየመሰለው አንገቱን ይደፋ ነበር። ለካ ጠብቀኝ ማለታቸው ኖሯል። በቀብሩ ላይ ያልመጣ እንባ አሁን መጣበት፤ ሐዘኑም፣ የቀኑ ድካምም፣ የከረመው ፍርሃትም አብረው ወረዱ። ግሩም የያዘውን ቆሎ ወደ ትሪው መልሶ እጁን ትከሻው ላይ ጣለ። ሐዘንተኛው አስተዛዛኙን ሲያስተዛዝን ያዩ እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ።

ለመጽናኛ ፕሮግራሙ ጊታሩን አንግቶ የመጣው ኤልናታን በዚህ መሐል ደረሰ። ሰላምታውን አዳርሶ ጎንበስ አለ።

«ጋሽ ሰብስቤ፣ መምጣትዎ ጥሩ ነው። ርሆቦት፣ ነገ ቀደም ብለሽ ነይ፤ የመዝሙሩን ቅደም ተከተል አብረን እናያለን።»

ርሆቦት አባቷን አየች። ሰብስቤ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። እሑድ አዳራሹን የሚሞሉት ሰዎች በዓይኑ መጡበት፤ በተርታ የተቀመጡ፣ ወደ ግድግዳው አንጋጠው አፋቸውን የሚያንቀሳቅሱ። ከነሱ ውስጥ ስንቱ ዜማ ብቻ፣ ስንቱ ደግሞ ፊደል እየያዘ እንደሚሄድ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

«ኤልናታን፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አንተ ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነው። ምነው?»

«አሮጌውን ላፕቶፕ ላወጣው ነው። ነገ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

«ጋሽ ሰብስቤ፣ ባትሪው እኮ ሞቷል። መብራት ሲሄድ...»

«መብራት ሲሄድ ርሆቦት በአዲሱ ትቀጥላለች። አጠገቤ ትሆናለች።»

«እኛ እኮ እንዲያርፉ ብለን ነው። እርስዎም እሺ ብለውኛል።»

«ብዬሃለሁ» አለ ሰብስቤ። «አሁን ግን እሺታዬን ትቼዋለሁ።»

ኤልናታን ወደ ርሆቦት ዞረ፤ እሷ ቆሎ ዘገነች። ወደ ግሩም ዞረ፤ ግሩም ሻይ ለሚያድሉት ሴቶች በእጁ እያመለከተ ነበር። «በቃ እሺ፣ ቁልፉን ጠዋት ይዤልዎት እመጣለሁ» አለ።

«አንተ አርፍደህ ነው የምትመጣው» አለ ሰብስቤ፤ «አሁን ስጠኝ» ብሎ መዳፉን ዘረጋለት።